ከውጭ አንኳኩተው የውስጡን የጠየቁት ዶክተር ለተ ማርያም አንዳርጋቸው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተከበራችሁ የደብራችን ካህናት፣ የማራኪ ግቢ መምህራንና ተማሪዎች፣ የእድራችን አባላት፣ ከትምህርት ቤቱ መጠለያ በዚህ ጭቃ ተጉዛችሁ የመጣችሁ ወገኖቼ፣ እህታችንን ልትሸኙ ስለቆማችሁ እግዚአብሔር ያክብርልን። ይህን የማነበው ታላቅ ወንድማቸው ተክለ ጊዮርጊስ አንዳርጋቸው ነኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ አማርኛ ሳስተምር የብዙ ሟቾችን ዜና ሕይወት ጽፌ ለቤተሰብ ሰጥቻለሁ፤ የዛሬው ግን እጄን አሰረው። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኋትን፣ አፍንጫዋን የጠረግሁላትን ልጅ የሞት ወግ ሆኖብኝ «እርሳቸው» ማለት ይኖርብኛል፤ አንደበቴ ተንሸራትቶ «እሷ» ብል ሐዘን ነውና አትታዘቡኝ፤ እዘኑልኝ።

ዶክተር ለተ ማርያም ከአባታቸው ከአቶ አንዳርጋቸው ፈንታና ዛሬ ከፊታችን ከተቀመጡት ከእናታችን ከወይዘሮ ወለላ አዳነ፣ በላይ አርማጭሆ ወረዳ ከትክል ድንጋይ ወጣ ብሎ በሚገኘው ቀያችን፣ በ1967 ዓ.ም. በወርኃ ጥር፣ በአስተርእዮ ማርያም ማግሥት ተወለዱ፤ ስማቸውም ከዚያ የመጣ ነው። አባታችን አራሽ ነበሩ። እናታችን ደግሞ በጠላ ጠመቃ በአካባቢው የተመሰገኑ ስለነበሩ፣ ማኅበርም ተዝካርም ሲደርስ የሚጠሩት እርሳቸው ናቸው። ጋን ሊገዙ ገበያ ሲወጡ ሕፃን ለተ ማርያምን ያስከትሉ ነበር፤ ሴት ወይዘሮ ሁሉ እንደሚያደርገውም በጣታቸው አንጓ ጋኑን ዙሪያውን እያንኳኩ፣ ጥርት ብሎ ከጮኸ ይገዙታል፣ ድምፁ ከታፈነ ትተውት ያልፋሉ። አንድ የሰኔ የገበያ ቀን ታዲያ ዝናቡ ሲያጣድፋቸው ፊት ለፊቱን ብቻ አንኳኩተው ገዝተው ቢመለሱ፣ ለአያታችን ተዝካር የተጠመቀው ጠላ በማይታየው በጀርባው በኩል ፈስሶ አለቀና እናታችን በዘመድ ፊት አፈሩ። ሁላችንም ስንደነግጥ ለተ ማርያም ብቻ ጋኑን አገላብጠው ስንጥቁን እየፈለጉ «ምነው እማ፣ ዞረሽ ብትመቺው ኖሮ?» ብለው ጠየቁ። ያገኙት መልስ ኩርኩም ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በትክል ድንጋይ፣ የሁለተኛ ደረጃውን እኔ ዘንድ ተቀምጠው በጎንደር ከተማ ከተከታተሉ በኋላ፣ ከፍ ባለ ውጤት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በሒሳብ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመረቁ፤ እዚያው ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ሠርተው፣ በከተማችን ዩኒቨርሲቲ በማራኪ ግቢ ማስተማር ከጀመሩም በኋላ እየተመላለሱ በ2005 ዓ.ም. የዶክትሬት ማዕረጋቸውን ተቀበሉ። ውጭ አገር የመቅረት ዕድል አጋጥሟቸው እንደነበር ቤተሰቡ ያውቃል። ለምን እንዳልቀሩ ሲጠየቁ ግን «እዚያ ያለው ድንጋይ ጠያቂ አላጣም» ብለው ያልፉት ነበር።

ለቅሶ ቤት መጥቶ «የምን ዶክተር ነበሩ? ሐኪም ነበሩ እንዴ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ብዙ ስለሆነ፣ እንደገባኝ መጠን ላስረዳ። ድንጋይም ሆነ ብረት፣ ሲሚንቶም ሆነ እንጨት፣ ጠጣር የምንለው ነገር ሁሉ ሲጫኑት ለዓይን በማይታይ መጠን እሺ ይላል፤ ሲለቁት ደግሞ ወደነበረበት ይመለሳል። ውስጡ ጤነኛ ከሆነ እሺታው እንደሚጠበቀው ነው፤ ውስጡ ስንጥቅ ወይም ባዶ ቦታ ካለው ግን የላይኛው ገጽ እንቅስቃሴ በጥቂቱ ይዛነፋል። ዶክተር ለተ ማርያም ዕድሜያቸውን የሰጡት፣ አካሉን ሳይሰብሩና ሳይበሱ፣ ገጹን ብቻ ገፍተውና አንኳኩተው ከለኩት በመነሣት፣ በውስጥ የተደበቀው ጉድለት የት እንዳለና ምን ያህል እንደሆነ በሒሳብ ለማግኘት ነበር። የድካማቸው ፍሬ ነገርም ይህ ነው፤ ዙሪያው ሁሉ በሚገባ ከተለካ ጉድለቱ መሸሸጊያ የለውም፤ ከዙሪያው ከፊሉ ካልተደረሰበትና ልኬቱም ጥቂት ከሆነ ግን፣ ሁለት ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ውስጦች ከውጭ ሲለኩ አንድ መስለው ይታያሉ፤ ያን ጊዜ ዐዋቂ የሚባለው ሰው «አላውቅም» የሚለው ነው። ይህን የመጨረሻውን ነገር ለተማሪዎቻቸው ደጋግመው ይነግሯቸው እንደነበርና ተማሪዎቹም እንደማይወዱት ሰምቻለሁ። በዚህ ሥራ ሁሉ መለኪያውን ተሸክሞ፣ መዶሻውን ይዞ ከጎናቸው ያልተለየው የቤተ ሙከራው ባለሙያ አቶ ሐምዛ ዛሬም እዚህ ከእኛ ጋር ቆሟል።

በ1991 ዓ.ም. ከመድኃኒት ባለሙያው ከአቶ አንዱዓለም ፋንታሁን ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጸሙ። ሽማግሌ ከተላከ በኋላ «ዙሪያውን ሳላይ እሺ አልልም» ብለው ሰውየውን ዓመት ሙሉ ደጅ ማስጠናታቸውን አቶ አንዱዓለም ራሱ እየሳቀ ሲናገር እንሰማ ነበር። ከትዳራቸውም አንዲት ሴት ልጅ፣ ሶሊያናን አፍርተው፣ አስተምረው፣ በባሕር ዳር ሥራ እስከመያዝ አድርሰዋታል።

ያለፉት ጥቂት ዓመታት ለሁላችንም ምን እንደነበሩ ለእናንተ አልነግራችሁም። መንገዱ ሲዘጋ፣ ሲከፈት፣ ደግሞ ሲዘጋ፣ ኢንተርኔቱ ሲጠፋ፣ ሰው ከከተማችን ጥቂት ወጣ ብላ ካለችው ከጠዳ በታች መሄድን እንደ ባሕር ማዶ መንገድ ማየት ሲጀምር፣ ዶክተር ለተ ማርያምም በማራኪ ቢሯቸው ውስጥ ታስረው ቀሩ ማለት እችላለሁ። የተጋበዙባቸው ጉባኤዎች አለፏቸው። ከብዙ ልመና በኋላ የተገዛላቸው፣ በሲሚንቶ ውስጥ ድምፅ ልኮ የሚያዳምጥ መሣሪያ በሌላ ከተማ መጋዘን ገብቶ ቀረ። እርሳቸው ብዙ ማማረር የማያውቁ ሰው ነበሩ፤ በእርሳቸው ፈንታ የምበግነው እኔ ነበርሁ።

በዚህ ዓመት ከፋሲካ በኋላ ከየገጠሩ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን በሰፈራችን ትምህርት ቤት የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ተጠለሉ። አዳራሹ የተራራውን ግርጌ ቆርጦ የተሠራ በመሆኑ፣ በተራራው በኩል ጣሪያውን ከተሸከሙት ምሰሶዎች መካከለኛው፣ ሦስቱ ገጾቹ ወደ ቤት ሲሆኑ አራተኛው ገጹ በአፈር ውስጥ ነው። ዝናብ ሲጀምር ከዚህ ምሰሶ ላይ ልስኑ እየተላጠ ይወድቅ ጀመርና የመጠለያው ኃላፊ ዶክተር ለተ ማርያምን አስጠሩ። እርሳቸውም ከአቶ ሐምዛ ጋር ሄደው ሦስቱን ገጾች ከእግር እስከ ራስ አንኳኩተው ለኩ። ልኬቱ ግን ሁለት ነገር ይናገር ነበር፤ ወይ ከልስኑ ሥር ምንም የማታመጣ ትንሽ ባዶ ቦታ አለች፤ ወይ ደግሞ በአፈሩ በኩል ምሰሶውን ከግማሽ በላይ የበላ ጉድጓድ አለ። ለመለየት አራተኛውን ገጽ መንካት ያስፈልጋል። አራተኛውን ገጽ ለመንካት ደግሞ በዚህ ክረምት ተራራውን ከሥሩ መቆፈር ነው፤ ያ ከሆነ ምሰሶው ባይወድቅ ተራራው ይወድቃል።

ኃላፊው «ዶክተር፣ እኔ የምፈልገው ይወድቃል ወይስ አይወድቅም የሚለውን ነው፤ አንዱን ይንገሩኝ» አሉ። ዶክተር ለተ ማርያም «አላውቅም፤ አላውቅም ማለቴ ግን ደኅና ነው ማለቴ አይደለም» ብለው መለሱ። ይህ መልስ ለማንም አልጠቀመም። ይወድቃል ቢሉ ሕዝቡ የሚሄድበት የለም፤ ሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ሞልተዋል፣ የእርዳታ ድንኳንም በመንገዱ ምክንያት አይመጣም፣ ሕፃናትና አራሶች በሐምሌ ዝናብ ሜዳ ላይ ሊያድሩ ነው። አይወድቅም ቢሉ ደግሞ ሰው አምኗቸው ከሥሩ ይተኛል። ከምሰሶው ሥር ምንጣፋቸውን ያነጠፉት ወይዘሮ እንኳየሁ፣ ዛሬ ከልጆቻቸው ጋር እዚህ ያሉት፣ «እትዬ ዶክተር፣ እኛ ከኋላችን የመጣብንን ሸሽተን ነው እዚህ የገባን፤ ከላያችን ያለውንማ በየት እንሽሸው?» አሏቸው። ዶክተር ለተ ማርያም ቤቴ መጥተው ይህንን ሲነግሩኝ አለቀሱ። አባታችን ሲሞቱ እንኳ ሰው ፊት ያላለቀሱ ሰው ናቸው።

ከዚያ በኋላ ዕረፍት አልነበራቸውም። ጎረቤቱን ሁሉ እየዞሩ የባሕር ዛፍ አጣና ለምነው፣ ከአቶ ሐምዛና ከሰፈሩ ወጣቶች ጋር ጣሪያውን ከሥር ደገፉ፤ ድጋፉ ምን ያህል ጊዜ ይይዛል ሲባሉም ያንኑ መልስ መለሱ። የሰዉን ምንጣፍ ከመካከለኛው ምሰሶ ሊያርቁ ቢሞክሩ፣ አዳራሹ ጢም ብሎ የሞላ ነውና፣ ከሌላ ስፍራ የተገፋው ሰው ተመልሶ እዚያው ይተኛል፤ ደግሞም ጣሪያው የማያፈስበት ስፍራ እርሱ ብቻ ነው። በየማለዳው ሄደው ምሰሶውን ያንኳኳሉ፤ ምሰሶውም በየማለዳው ያንኑ ሁለት መልስ ይሰጣቸዋል። በኋላማ ወንበራቸውን ከምሰሶው ሥር አስቀምጠው የተፈናቃዮቹን ልጆች ሒሳብ ማስተማር ጀመሩ። እኔም ተቆጥቼ «ምነው ለተዬ፣ ባለሙያ ነሽ ብለው ጠሩሽ፣ ሙያሽን አሳየሽ፤ ከዚያ በላይ ምን አገባሽ?» ብላቸው «አያ፣ ከጠረጠርሁ በኋላ ቤቴ ገብቼ እንዴት ብዬ ልተኛ?» አሉኝ።

በሰኔ መጨረሻ እሑድ እድራችን ከቅዳሴ በኋላ ሲሰበሰብ ዶክተር ለተ ማርያም ተነሥተው፣ በእድሩ ዕቃ ቤት ተጠቅልለው የተቀመጡት ትላልቅ ድንኳኖች ክረምቱ እስኪያልፍ በትምህርት ቤቱ ግቢ ይተከሉና ቢያንስ ከመካከለኛው ምሰሶ ሥር ያሉት ይውጡ ሲሉ ለመኑ። የእድራችን ዳኛ አያ ኃይለ ጊዮርጊስ ግን «ምነው ልጄ! ድንኳን እኮ ሞትን ተከትሎ ነው የሚወጣ። ሰው ሳይሞት ድንኳን ብንተክል ሞትን ና ብለን መጥራታችን አይደል?» አሉ። ሕጉም ቢሆን ድንኳኑ ለአባልና ለአባል ቤተሰብ ሞት ብቻ እንደሚወጣ ይናገራል። እጅ ይውጣ ሲባል ከእርሳቸውና ከእኔ በቀር ያወጣ አልነበረም። እድርተኛውን ክፉ ነው ልል አይደለም፤ ያንን ሁሉ አጣና ያዋጣው ይኸው ሰው ነው። ሟርት ያስፈራል። እኛ ደግሞ በእነዚህ ዓመታት ሞትን ጠግበናልና የሚፈራ ሰው አይፈረድበትም። ዶክተር ለተ ማርያም ግን ከዚያ ሸንጎ ሲወጡ «ሰው እስኪሞት እንጠብቃለን ማለት ነው» ብለው ሄዱ።

ሐምሌ ሲገባ ከቀኝ ጎናቸው የሚሰማቸው ሕመም ጠናባቸው። ሐኪሞች መርምረው ጉበታቸው በዕጢ እንደተያዘና ጊዜው እንዳለፈ ሳይደብቁ ነገሯቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። «የግንቡን ስንጥቅ ስትፈልግ የራሷን ሳታይ» እያለ ለቅሶ ቤት የሚያንሾካሹክ ሰው ሰምቻለሁ። ይህን የሚል ሰው ነገር ያሳመረ ይመስለዋል፤ እኔ ግን አልወደውም። ሰው ግንብ አይደለም፤ እርሳቸውም ሕመማቸውን ያላወቁት በሞኝነት ሳይሆን ሕመሙ ድምፅ ሳይሰጥ ስለገባ ነው። ይህንን ወሬ ከዛሬ በኋላ እንዳልሰማ።

ሐኪሞቹን ከሰሙ በኋላም፣ ሰውነታቸው እስከቻለ ድረስ፣ በአቶ አንዱዓለም ትከሻ ተደግፈው ወደ አዳራሹ ይሄዱ ነበር። መሄድ ሲያቅታቸው አቶ ሐምዛ ለክቶ እየመጣ ይነግራቸዋል፤ እርሳቸውም ከአልጋቸው ሆነው ያሰላሉ፤ መልሱም ያው ነው። ሰው በሁለት መልስ መካከል ተይዞ እንዴት እንደሚጨነቅ ያየሁት ያኔ ነው። በሽታው ካሳመማቸው ይልቅ ያ ያሳምማቸው ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ጾመ ፍልሰታ በገባ ሰሞን የንስሐ አባታቸውን አስጠርተው፣ እኔና አቶ አንዱዓለም ባለንበት ተናዘዙ። ስለ ቤትና ስለ ንብረት አንድም ቃል አልተናገሩም። «ስሞት ድንኳኔ በቤቴ ደጅ አይተከል፤ በትምህርት ቤቱ ግቢ ይተከል። ለቅሶ የሚቀመጡትም ከመካከለኛው ምሰሶ ሥር ያሉት ይሁኑ፤ ዘመዶቼ ናቸው» አሉ። እኔም ድንኳን በሣልስቱ ይነሣል፤ ከዚያ በኋላስ ምን ይሆናሉ ብዬ ስጠይቅ፣ በዚያ በደከመ ፊታቸው ላይ ትንሽ ፈገግታ አየሁ። የእድራችን ሕግ ከሩቅ የሚመጣ የሟች ልጅ ካለ፣ ልጁ ደርሶ አልቅሶ እስኪወጣለት ድንኳኑ እንዳይነሣ ያዛል፤ ይህን ያወጡት አባቶቻችን ናቸው፣ ልጅ መጥቶ ባዶ ሜዳ እንዳይጠብቀው ብለው። በማግሥቱ የስልክ መስመር በተገኘ ጊዜ ዶክተር ለተ ማርያም ሶሊያናን አነጋገሯት። እኔም ከአልጋው አጠገብ ቆሜ ሰማሁ። «ልጄ፣ ሞትሁ ሲሉሽ እንዳትመጪ፤ ክረምቱ ሲወጣ ነይ» አሏት። ልጅቱ ብዙ አለቀሰች። በመጨረሻ እሺ አለች።

ዶክተር ለተ ማርያም አንዳርጋቸው በትናንትናው ዕለት ማለዳ፣ በተወለዱ በሃምሳ ዓመታቸው፣ ሥጋ ወደሙ ተቀብለው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ድንኳኑ ትናንት ከቀትር በኋላ በትምህርት ቤቱ ግቢ ተተከለ፤ ከምሰሶው ሥር የነበሩት ምንጣፎችም በሙሉ ወጥተው ከሸራው ሥር ተነጥፈዋል። አያ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ከፊት ለፊቴ ቆመዋልና ስምዎን በመጥራቴ አይቀየሙኝ፤ ትናንት በዚያ ዕድሜዎ ካስማውን በእጅዎ ሲመቱ አይቻለሁ፤ ሕጉንም ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

ዶክተር ለተ ማርያም እናታቸውን ወይዘሮ ወለላን፣ ባለቤታቸውን አቶ አንዱዓለምን፣ እኔን ወንድማቸውን፣ የሥራ ባልደረባቸውን አቶ ሐምዛን፣ በድንኳኑ ውስጥና በአዳራሹ ውስጥ ያሉትን ዘመዶቻቸውን፣ እንዲሁም አንዲት ልጃቸውን ሶሊያናን ትተው ሄደዋል። ልጅቱ የት ቀረች እያላችሁ ስትጠያየቁ፣ መንገድ ተዘግቶባት ነው እያላችሁ ስታዝኑላትም ሰምቻለሁ። መንገዱስ ተዘግቷል፤ አውሮፕላን ግን አለ፤ ትናንት ማታ ብትነሣ ኖሮ ዛሬ እዚህ መቃብር አፋፍ ላይ ነበረች። እናቷን ሳትቀብር የቀረችው እናቷ ስለለመነቻት ነው። እርሷ ካልመጣች ለቅሶው አያልቅም፤ ለቅሶው ካላለቀ ድንኳኑ አይነሣም። ስለዚህ ዘመዶቼ፣ እግራችሁን ስሜ እለምናችኋለሁ፣ አዝናችሁላትም ቢሆን ማንም ደውሎ «ነይ» እንዳይላት።

የማርያም ልጅ ተብለው በማርያም ጾም የተጠሩትን የእህታችንን ነፍስ፣ የሰውን ውስጥ ከውጭ ሆኖ መገመት የማያስፈልገው አምላክ በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን፤ ለእኛም መጽናናትን ይስጠን፤ ክረምቱንም በደኅና ያውጣልን። አሜን።